ከስሙ የወደቀው ቃል

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ይደርሳል። አምቦ በንጉሡ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር፤ የጅባትና ሜጫ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። ስሙ ይገባት ነበር። ፍል ውኃ ከሥሯ ይፈልቃል፣ ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ የእርሻ ትምህርት ቤት ነበራት፣ ዙሪያዋም ጤፍና ስንዴ፣ ገብስና ኑግ የሚያበቅል ደግ አፈር ነው። ድርቅ ሲነሳ የሚጠሩት ስሞች ሌሎች ናቸው፤ ወሎ፣ ትግራይ፣ ኦጋዴን፣ ቦረና። ምዕራብ ሸዋ ነጋዴ እህል ሊሸምት የሚመጣበት አገር ነው።

በ1977 ዓ.ም. ግን ረሃቡ በዚህ መንገድ አለፈ። ከወሎና ከሌላውም የሰሜን አገር የተነሱ ቤተሰቦችን የጫኑ አውቶቡሶችና የጭነት መኪናዎች አምቦን አቋርጠው፣ ጉደርን ተሻግረው፣ ጌዶን ወጥተው በባኮ በኩል ወደ ወለጋ ወረዱ። በሬው የሞተበት፣ ጎተራው የተራቆተ፣ ወባን በስም እንጂ በአካል የማያውቅ ደገኛ ምድጃውን ትቶ ወደማያውቀው ቆላ ይሄዳል። ይህን የሰፈራ ሥራ ከገዢው ፓርቲ ከኢሠፓ ጋር የያዘው መሥሪያ ቤት ሙሉ ስሙ የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ነበር። ሕዝቡ አሳጥሮ «እርዳታ ማስተባበሪያ» አለው። «ማቋቋሚያ» የሚለው ግማሽ በሰው አፍ ላይ አልቆየም፤ ኋላ ከወረቀቱም ወደቀ። እኔ የዚህን መሥሪያ ቤት ታሪክ የምነግረው የወደቀውን ቃል ተከትዬ ነው፤ ምክንያቱም እርዳታ ሰውን ከሞት ያተርፋል፣ ማቋቋም ግን የተረፈውን ሰው መልሶ ገበሬ፣ ነጋዴ፣ ባለቤት ያደርጋል፤ አገራችን ደግሞ የመጀመሪያውን በብዙ መከራ እየተማረች ሁለተኛውን ደጋግማ ከሀ ጀምራዋለች።

ከኮሚሽኑ በፊት የነበረው የንጉሥ ቸርነት ነው። በ1880ዎቹ የመጣው ክፉ ቀን ከምፅዋ በገባ የከብት በሽታ ተነሳ፤ በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፣ አንበጣና ድርቅ ተከተሉ። ዐፄ ምኒልክ ጎተራ አስከፈቱ፤ በሬ በሌለበት መሬት እንዴት እንደሚለማ ለማሳየትም ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፈሩ፣ መኳንንቱም እንዲቆፍሩ አዘዙ። ይህን ድርጊት ሁልጊዜ የማየው እንደ መጀመሪያው የማቋቋም ሥራ ነው፤ የዕለቱን እንጀራ ከመስጠት አልፎ ገበሬው በእጁ ባለው ነገር እንዲቀጥል መንገድ ያሳያል። ያው ንጉሥ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ማገዶ ስታጣ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ ሊያዛውሩ አስበው አዲስ ዓለምን ቆረቆሩ፤ ወደዚያ የተጠረገው መንገድ በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ የመኪና መንገዶች አንዱ ሆነ። ባሕር ዛፍ ደርሶ ከተማዋን ባያድናት አምቦ ዛሬ የዋና ከተማ ጎረቤት በሆነች ነበር። የንጉሥ ጎተራና የንጉሥ ዶማ ግን ከንጉሡ ጋር ያልፋሉ። በ1950 ዓ.ም. ትግራይ፣ በ1958 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ፣ ወሬውን የሚቀበልና መልስ የሚሰጥ ቋሚ መሥሪያ ቤት በመንግሥቱ ውስጥ አልነበረም።

የ1965ቱ የወሎ ረሃብም መጀመሪያ ተደበቀ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ በአዲስ አበባ አሳዩ፤ በ1966 መጀመሪያ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን በቴሌቪዥን ለዓለም አቀረበ። አብዮቱ ሲፈነዳ ከመነሾዎቹ አንዱ ይህ ነበር። ኮሚሽኑ የተወለደው በዚያው በ1966 ዓ.ም.፣ አሮጌው መንግሥት ሲወድቅና አዲሱ ሲነሳ መካከል ላይ ነው። ከመንግሥት ለውጥ የተረፈው ሁሉም ስለፈለገው ነው፤ የሚወርደው ኃፍረቱን ሊሸፍንበት፣ የሚወጣው ደግሞ ከቀዳሚው የተሻለ መሆኑን ሊያሳይበት።

በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት በአቶ ሺመልስ አዱኛ መሪነት የተሠራውን ሥራ በአድናቆት ነው የማነሳው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ኮሚሽኑ የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት ዘረጋ፤ በአፍሪካ ከቀደምቶቹ የሚቆጠር ነው። አሠራሩን አገር ቤት ያደገ ሰው ሁሉ ይረዳዋል። ዝናብ መቼ ጀመረ፣ መቼ አቋረጠ? ቡቃያው እንዴት ነው? ከሁሉ በላይ ግን ገበያው ይታያል፤ አንድ ፍየል ስንት ቁና እህል ይገዛል? ፍየል እየረከሰ እህል እየተወደደ ከሄደ ሰው ጥሪቱን መሸጥ ጀምሯል ማለት ነው። ቀጥሎ የእርሻ በሬ፣ ከዚያ የቤት ክዳን እንጨት ለገበያ ይቀርባል፤ በመጨረሻ ሰዉ ራሱ መንገድ ላይ ይታያል። ማስጠንቀቂያው ሰው መንገድ ላይ ከመታየቱ በፊት፣ ፍየሉ ላይ መነበብ አለበት። ከበልግና ከመኸር በኋላ ባለሙያ ወረዳ ለወረዳ እየዞረ የሚያደርገው ግምገማ ከዚያ ልምድ የወጣ ነው።

ሥርዓቱ ሠርቷል። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ለጋሾችን ሰብስቦ 5.2 ሚሊዮን ሕዝብ ለችግር መጋለጡን ነገረ፤ 450,000 ቶን እህልም ጠየቀ። ለጋሾቹ ቁጥሩ የተጋነነ መሰላቸው፤ ከመንግሥቱ ጋር ያላቸው የፖለቲካ ቂምም ነበረበት። መንግሥት በበኩሉ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት ለመስከረም 1977 ያሰናዳ ነበር። ከበዓሉ አንድ ወር በኋላ፣ በጥቅምት፣ ሞሐመድ አሚን በኮረም ያነሳው ምስል በቢቢሲ ታየ፤ ዓለም የተንቀሳቀሰው ያን ጊዜ ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት 7 ወር አለ። ኮሚሽኑ አይቷል፣ ቆጥሯል፣ ተናግሯል፤ ያልነበረው ሲናገር ሌላውን የሚያስነሳ ሥልጣን ነበር። በወቅቱ የመሩት ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ ለሥራ በወጡበት ውጭ አገር ቀርተው በኋላ ይህንኑ በመጽሐፍ ጽፈውታል።

ከዚህ ዘመን የቀረ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። በ1974 ዓ.ም. የተጀመረው የመጠባበቂያ እህል ክምችት ነው። ዘዴው ከገበሬ ጎተራ ብዙ አይርቅም። እህል አስቀድሞ በኮምቦልቻ፣ በናዝሬት፣ በሻሸመኔና በመሳሰሉት ከተሞች መጋዘን ይከማቻል። አደጋ ሲመጣ የእርዳታ ድርጅቱ መርከብ ከሚጠብቅ ከክምችቱ ይበደራል፤ የለጋሽ ቃል እንደ ዋስ ይያዛል፣ መርከቡ ሲደርስ ብድሩ በእህል ይመለሳል። ከውጭ የሚመጣ ስንዴ ወራት ይፈልጋል፤ የተራበ ሰው ግን ወራት የለውም። ክምችቱ በዚያ ክፍተት ላይ የተሠራ ድልድይ ነው። ባለቤቱ የሆነው መሥሪያ ቤት ስም በተለወጠ ቁጥር እርሱ እየተሻገረ ኖሯል።

ወደ ቃላችን እንመለስ። በ1971 ዓ.ም. የሰፈራ ባለሥልጣንና የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ከኮሚሽኑ ጋር ተዋሐዱ። ማቋቋም ማለት ሰፈራ ማለት የሆነው ከዚያ ወዲህ ይመስለኛል። አዋሽ የሚነሳው ከዚህ ከእኛው ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ነው፤ ቆቃን አልፎ አፋር ሲደርስ ሲሞላ ያጥለቀልቃል፣ ሲጎድል ያስጠማል። ሸለቆውን የሚያለማ፣ የተራበውን የሚረዳና ሰው የሚያሰፍር መሥሪያ ቤት አንድ ሲሆን በወረቀት ላይ ያምራል። ረሃቡ ሲመጣ ግን ትልቁ ሥራ ሰፈራው ሆነ። በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥ 600,000 የሚጠጋ ሰው ወደ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላና መተከል ተጓዘ። በነባሩ ገበሬ መሐል የተደረገው ሰፈራ ደግሞ «ስግሰጋ» ተባለ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎጆ ሊሠሩ ዘመቱ። በፈቃዱ የሄደ አለ፤ ከገበያ ታፍሶ የሄደ አለ፤ ባልና ሚስት በተለያየ መኪና ተጭነው የተለያዩ አሉ። በወባና በድካም ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ይህን አደባባይ ያወጣው የፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1978 ከአገር ተባረረ።

ነባሩ የወለጋ ኦሮሞ ገበሬ ለመጡት ጎጆ ሠርቷል፣ እህል አዋጥቷል፤ መሬቱንም ሰጥቷል። ያኔ ማንም አልጠየቀውም፣ ኋላም ማንም አልካሰውም። ሰፋሪው ደግሞ የያዘው መሬት የማን እንደሆነ የሚመሰክር ወረቀት አልተሰጠውም። ማቋቋም ሲባል ሁለቱም ወገን መሬቱ ላይ ያለውን መብት ማስጻፍ ይኖርበት ነበር። በእኔ ግምት ኮሚሽኑ ካጠፋቸው ጥፋቶች ሁሉ ረጅሙ ዕድሜ ያለው ይህ ነው።

ደርግ ወደቀ። ያ ሁሉ ከሆነ በኋላ ማቋቋም የሚለው ቃል ቢፈራ አይገርምም። በኅዳር 1986 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ መከላከል ፖሊሲ መልካም ሐሳብ ይዟል፤ ጉልበት ያለው ሰው በነፃ ከሚረዳ እርከን እየሠራ፣ መንገድ እየጠረገ ይረዳ፣ እርዳታው ለልማት መነሻ ይሁን ይላል። በ1987 ኮሚሽኑ በአዲስ አዋጅ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ሆነ። መከላከል ገባ፣ ዝግጁነት ገባ፤ ማቋቋም ወጣ። ሥራው ግን አገሩን አልለቀቀም። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋውን የተበተነ ሠራዊት ለመመለስ በ1983 ዓ.ም. ለብቻው የማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቁሞ ነበር፤ ተግባሩን ጨርሶ ተዘጋ። በ2015 ዓ.ም. ለተመሳሳይ ሥራ ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን የሚባል አዲስ መሥሪያ ቤት ተከፈተ፤ በሁለቱ መካከል 30 ዓመት ገደማ አለ። ወታደር ወደ እርሻው ሲመለስ ምን ይሻል፣ ጥማድ በሬ ወይስ ጥሬ ገንዘብ፣ መሬት ከየት፣ የቆሰለውን ማን ያክመዋል የሚለውን አንድ ጊዜ የመለሰ ባለሙያ ጡረታ ወጥቷል፤ ጥያቄው ግን እንደ አዲስ ይጠየቃል።

የቀረው የስም ታሪክ ፈጣን ነው። በ1994 እና 1995 ዓ.ም. ድርቅ 13 ሚሊዮን የሚያልፍ ሰው እርዳታ ጠበቀ፤ ከዚያ በኋላ መንግሥት በየዓመቱ የሚራበውን ከድንገተኛው ለይቶ በ1997 ሴፍቲኔትን ጀመረ። ኮሚሽኑ በ1996 ኤጀንሲ ሆነ። በ2001 ደግሞ ፈርሶ በግብርና ሚኒስቴር ሥር አንድ ዘርፍ ሆነ። በኤልኒኖው ድርቅ በ2008፣ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ሲሻ፣ እንደገና ኮሚሽን ተደረገ። በ2011 ለሰላም ሚኒስቴር፣ በ2014 ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ተጠሪ ሆነ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ይባላል። ማኅተም በተቀየረ ቁጥር የሚጠፋው ማኅተሙ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። መዝገብ ይበተናል፤ ልምድ ያለው ሰው ወደ ዓለም አቀፍ ድርጅት ይሄዳል፤ የወረዳው ባለሙያ ሪፖርቱን ለማን እንደሚልክ ለወራት ግራ ይገባዋል።

አደጋውም መልኩን ለወጠ። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ገደለ፤ በዚያው ሰሞን ኦሞ ሞልቶ መቶዎችን ወሰደ። ለድርቅ የተሠራው ዐይን ጎርፍን የሚያይ አልነበረም፤ ፍየል ገበያ ላይ አይቶ ሌሊት የሚመጣ ውኃ አይታወቅም። የ2005ቱ ፖሊሲ ይህን ተረድቶ እያንዳንዱን አደጋ ለሚመለከተው ሚኒስቴር ሰጠ፤ የሰብልና የከብትን ለግብርና፣ የጎርፍን ለውኃ፣ የወረርሽኝን ለጤና። ከአደጋ በፊት፣ በአደጋ ጊዜና ከአደጋ በኋላ ብሎ ሦስቱንም ጊዜ አስቀምጧል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 በጎፋ፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ የተናደውን ተራራ ግን ሁላችንም አንረሳውም። ከሞቱት ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ጎረቤቶቻቸውን በእጃቸውና በዶማ ሊያወጡ የሮጡ ናቸው፤ ሁለተኛው ናዳ በላያቸው ወረደ። በአንድ ቀበሌ ከ200 በላይ ሰው። ደግነቱ ሙሉ ነበር፤ «ቁሙ፣ መሬቱ ገና አልረጋም» የሚል የሠለጠነ ሰው ግን በቦታው አልነበረም። በ2017 ታኅሣሥና ጥር በአፋር የፈንታሌ አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናወጥ ግን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቤቱ ሳይፈርስበት ቀድሞ ተነሳ። ይህ መመስገን ያለበት እርምጃ ነው። የቀጠለው ጥያቄ የታወቀው ነው፤ ከድንኳኑ መቼ፣ ወዴት፣ በምን?

ከሰሜኑ ጦርነት በኋላ የጥፋቱ ጥናት ተደርጎ የወደመው ንብረት ከ22 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተገመተ። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር የሰጠበት የመልሶ ማቋቋም ፕሮጀክት የተያዘው በገንዘብ ሚኒስቴር ነው። ገንዘብ ባለበት ቤት መሆኑ የራሱ ጥቅም አለው። ፕሮጀክት ግን ዘመኑ ሲያልቅ ይዘጋል። ጃፓን ከ2003ቱ የባሕር ማዕበል በኋላ የመልሶ ግንባታ ኤጀንሲ ስታቋቁም የሚዘጋበትን ዓመት በሕግ ጽፋለች፤ ጊዜው ሲደርስም ሥራው ስላላለቀ ለ10 ዓመት አራዝማለች። የሕንዷ ጉጃራት በ1993 በመሬት መንቀጥቀጥ በፈራረሰች በሳምንታት ውስጥ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት አቋቋመች፤ ቤቱ ተሠርቶ ካለቀም በኋላ መሥሪያ ቤቱ ለቀጣዩ አደጋ መዘጋጃ ሆኖ ቀረ። ለእኛ የሚስማማው የትኛው እንደሆነ መከራከር ይቻላል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ እኛ ጋ የሚጎድለው የሠራ ሰው በቦታው ቆይቶ ማስተማሩ ስለሆነ።

እዚህ ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ደግሞ መቼም ያልፈረሰ ነገር አለ። እድሩ ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር አለው፤ መዝገቡ ላይ ያልተጻፈ አባል የለም፤ ሰው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ሁሉም ሥራውን ያውቃል። ዝግጁነት ማለት ይህ ነው። የእድሩ ደንብ ግን በአብዛኛው ለሞት የተጻፈ ነው፤ ቤት ሲቃጠል ወይም በረዶ ማሳ ሲያወድም አንዳንዱ ይደርሳል፣ ብዙው ደንቡ አይፈቅድለትም። ከእድርም የቆየ፣ ለቆመ ሰው የታሰበ ሥርዓት በገዳ ውስጥ ኖሯል፤ ቡሳ ጎኖፋ ይባላል። ከብቱ ያለቀበት ሰው ከጎሳው ጊደር ይሰጠዋል፣ ከእርሷም መንጋ ያነሳል። የሜጫ ኦሮሞ ሕግ ይወጣበት የነበረው ኦዳ ቢሲል ከአምቦ ምዕራብ፣ ኢሉ ገላን ውስጥ ነው። የኦሮሚያ ክልል ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የራሱን የአደጋ ሥራ በዚሁ በቡሳ ጎኖፋ ስም አዋቅሮ ከአባላት መዋጮ ይሰበስባል። ስሙን መመለስ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ጊደር የማቋቋም እንጂ የእርዳታ ስጦታ አይደለችም፤ የዛሬ ዳቦ አትሆንም። የምሰጋው መዋጮው ለዕለት ስንዴ ብቻ እያለቀ ጊደሯ እንዳትረሳ ነው። በየወረዳው የተሰበሰበው ምን ያህሉ ለዘር፣ ለበሬና ለቤት ክዳን እንደዋለ በየዓመቱ ለአባሉ በአደባባይ ቢነበብ፣ አባሉ እንደ እድሩ ሒሳብ ይከታተለዋል።

ያ የ1977ቱ መንገድ ዛሬም አለ። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በተነሳው ግጭት ኦሮሞውም አማራውም ተፈናቅሏል። ወደ ደብረ ብርሃን መጠለያዎች ከገቡት መካከል በአውቶቡስ የመጡት የእነዚያ ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ብዙ ናቸው። ተወልደው ያደጉት ወለጋ ነው፤ ኦሮምኛ ይናገራሉ፤ የቡና ዛፋቸውን የተከሉት እዚያ ነው። ጎረቤታቸው የነበረው ኦሮሞ ገበሬም ነቀምትና ሌላ ከተማ በዘመድ ቤት ተጠግቷል። መጠለያ ውስጥ መዝጋቢው ወደ የት መመለስ እንደሚፈልጉ ሲጠይቃቸው፣ አንዱ አያቱ በ1977 የለቀቁትን የወሎ ቀበሌ ስም፣ ሌላው የወለጋውን መንደር ስም ይጠራል፤ በሁለቱም ቦታ በስሙ የተመዘገበ መሬት የለውም።